ባትሪው እስኪመጣ

ኅዳር 3

ለማሙሽ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደም ናሙናው መኪና ጋር ትናንት ደረሰኝ። ሾፌሩ ከበረዶ ሣጥኑ አጠገብ አስቀምጦት ኖሮ ወረቀቱ ቀዝቅዟል፤ ውስጡ ያለው ቃል ግን ገና ያቃጥላል። «አንቺና ያ ሰርቨርሽ» ብለህ የጀመርከውን አንቀጽ ለአባባ አንብብላቸውና እሳቸው ይፍረዱን። በስልክ ስናወራ ወይ እኔ እጮኻለሁ ወይ አንተ ትዘጋለህ፣ በደብዳቤ ይሻለናል ያልከው ግን ልክ ነው። ቢያንስ ደብዳቤ አይዘጋም።

ለጠየቅከኝ መልሱ አዎ ነው፤ የዘገየው የእናንተ ኮምፒውተር አይደለም፣ የእኛ ነው። አንተ እዚያ ሆስፒታል ቁጭ ብለህ የመድኃኒት ትእዛዝ ስትጽፍ ትእዛዙ እኔ ወደምጠብቀው ዳታቤዝ፣ ወደ ሆስፒታሎቹ ሁሉ መዝገብ፣ ይመጣል። «ተመዝግቧል» የሚለው አረንጓዴ ምልክት የሚወጣልህ እዚህ ዲስክ ላይ ተጽፎ ሲያልቅ ነው። ዲስክ ደግሞ ሲያነብ እንጂ ሲጽፍ አይቸኩልም። ድሮ የምትፈጥኑት በሰርቨሩና በዲስኩ መካከል አንዲት ካርድ ስላለች ነበር። ካርዷ የራሷ ትንሽ ሜሞሪ አላት። የጻፋችሁትን ቶሎ ትቀበልና «ተመዝግቧል» ትላችኋለች፤ ከዚያ በራሷ ጊዜ አሰላልፋ ወደ ዲስኩ ታወርደዋለች። እኛ ይሄን ካሽ እንለዋለን። ድንገት መብራት ቢጠፋ በአደራ የያዘችው እንዳይጠፋባት አንድ ባትሪ አላት። ያ ባትሪ አበጠና ሞተ። ካርዷ ብልህ ናት፤ ባትሪ የለኝም ብላ አደራ መቀበሏን በራሷ አቆመች። እናንተም አሁን እያንዳንዱ ቃል ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

አዲስ ባትሪ አዝዣለሁ። ግዢ ክፍል «መንገድ ላይ ነው» ይለኛል፤ የትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

አባባ ከደብዳቤህ ግርጌ ሁልጊዜ የሚጨምሯት መስመር በዚህኛው የለችም። መነጽራቸው ተሰበረ እንዴ? እግራቸው አብጧል የሚል ወሬም ሰምቻለሁ።

እህትህ


ኅዳር 10

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከካርድሽ ይፍጠን።

አባባ ደህና ናቸው። መነጽሩም አልተሰበረም፤ እጄ ዝሏል ብለው ነው ያልጻፉት። ስለ እግራቸው ማን እንደነገረሽ አላውቅም፣ ጎረቤታችን መሆኗን ግን እጠረጥራለሁ። አዎ፣ ትንሽ አብጧል። ሐኪም አይቶታል። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ፔዳል የረገጠ እግር ቢያብጥ ምን ይገርማል? በዚህ አትጨነቂ።

ስለ ካሹ ያልሽኝን ለክፍሉ ሰዎች አስረዳኋቸው። «ካሹ ይከፈት» ስል ገንዘብ ተቀባያችን ሰምታ «ኧረ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ብላ ደነገጠች። እሷን አረጋግተን ስናበቃ ግን ሁሉም አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እኔም ወዳንቺ አስተላልፋለሁ። ባትሪው ባይኖርስ ምን አለበት?

እታለም፣ እዚህ መጥተሽ ብታዪው። ሰኞ ዕለት አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ታቅፋ ፊቴ ተቀመጠች። የልጁን ስም ጻፍኩ፣ ክብደቱን ጻፍኩ፣ መድኃኒቱን ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች። እናትየዋ ክቧን እያየች «የልጄ ስም ረዘመ እንዴ?» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም፤ ጥፋቱ የሷ መስሏት ነው። ከኋላዋ ሰልፉ በሩን አልፎ ከዛፉ ሥር ደርሷል። ያንቺ ዲስክ ላይ ያለው ሰልፍ አይታይም፣ የኛ ግን ይታያል።

ያንቺው ማሙሽ፣ ጢም ያበቀለው


ኅዳር 18

ለማሙሽ፣

የዚያችን እናት ነገር በስብሰባ ላይ አነበብኩላቸው። ያነበብኩት ባትሪው ቶሎ እንዲገዛ ብዬ ነበር። ዳይሬክተራችን ግን ሌላ ነገር ሰሙበት።

«ሰርቨሩ ክፍል መብራት ሲጠፋ የሚተካ ዩፒኤስ አለን፣ ግቢው ውስጥ ጄኔሬተር አለን» አሉኝ። «መብራት ጠፍቶበት ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ።

«ካርዷን ባትሪ ባይኖርሽም ተቀበዪ ብሎ ማስገደድ አይቻልም?»

«ይቻላል።»

«ታዲያ?»

«እንዲህ ካደረግን ‹ተመዝግቧል› የሚለው ቃል ውሸት ይሆናል።»

«ውሸት አይሆንም፤ ከነገሩ ትንሽ ይቀድማል እንጂ። መዘግየቱም እኮ ሰው ይጎዳል፤ አሁን አንቺው አላነበብሽልንም?»

ማሙሽ፣ ሰውየው ክፉ አይደሉም። ሰልፉ እሳቸውንም ያማቸዋል። ያልኩት «እኔ እጄን አላስገባበትም» ብቻ ነው። እሳቸውም በጨዋ ደንብ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ሰርቨሩን ከእጄ ወሰዱት። አሁን ፎቅ ላይ ሪፖርት ክፍል ነኝ፤ መስኮቴ መኪና ማቆሚያውን ያሳያል። ሥራውን የያዘው በኮንትራት የመጣ ወጣት ነው፤ ከመምጣቱ «ፈጣኑ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ ባትሪው እስኪመጣ መድኃኒት ስታቆሙ ወይም ስትለውጡ ወረቀት ላይም ጻፉት። በሁሉም ክፍል። ሁለተኛ፣ ከሥራው መነሣቴን አባባ እንዳይሰሙ። ለሰፈሩ ሁሉ «የሆስፒታሎቹ መዝገብ በሙሉ ልጄ እጅ ነው» እያሉ የሚኮሩበትን ነገር አልነጥቃቸውም። ባትሪው ሲመጣ እመለሳለሁ፣ ያን ጊዜ የሚነገር ነገር አይኖርም።

እህትህ


ኅዳር 24

ለእታለም፣

እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው በሰላምታ የምጀምረው። እንዴት ነሽ? መስኮቱስ ለመደሽ?

ፈጠነ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ጣቴን ከማንሣቴ አረንጓዴው ይወጣል። ማክሰኞ ሰልፉ ከምሳ በፊት አለቀ፤ የካርድ ክፍሉ ሰዎች ምን እንሥራ ብለው እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ባልደረባዬ «እህትህን አመስግንልን» አለኝ። እሷ አይደለችም ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ወረቀቱን በኔ ክፍል እናደርገዋለን። አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ሄጄ ለኃላፊዋ ሲስተር ነገርኳት። «ገና ዛሬ መተንፈስ ጀመርን፣ አንተ ወደ ወረቀት መልሰን ትላለህ?» ብላ ሳቀች። ደግሜ ብጠይቃት «ከላይ ደብዳቤ ይምጣልኝ» አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ እሷን የማዘው በምን ሥልጣን ነው? ከዚያ በላይ አልገፋሁም።

አባባን ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ሰላም ብለውሻል። ዛሬም የእጃቸው ጽሑፍ የሌለው አጠገቤ ስላልሆኑ ነው። እኔ ይህን የምጽፈው ሥራ ቦታ ነው። ለእሳቸው ምንም አልተነፈስኩም፤ አደራሽን ጠብቄአለሁ።

ማሙሽ


ታኅሣሥ 1

ለማሙሽ፣

ቶሎ መልስልኝ። መኪናው እዚያ የሚያድር ከሆነ በሱው ላክልኝ፤ ካልሆነ ደውልልኝ፣ አልጮህም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ቴክኒሻን የሰርቨሩን ክፍል ማቀዝቀዣ ሊጠግን መጣ። ሊያጠፋ የፈለገው የማቀዝቀዣውን ብሬከር ነበር፤ የወረደው ግን የሰርቨሩ ነው። ዩፒኤሱም ጄኔሬተሩም አልጠቀሙም፤ መብራቱ ከውጭ ሳይሆን ከራሳችን ግድግዳ ላይ ነው የጠፋው። ወዲያው መለሰው። ፈጣኑ ሮጦ ወረደ። ዳታቤዙ ተነሣ፤ ጤነኛ መስሎ ተነሣ። ሁሉም ተጨባበጡ።

እኔ ወሬውን የሰማሁት ደረጃ ላይ ነው። ካርዷ ይዛው የነበረው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ሥራ የለም፤ ዲስኩ ጋ አልደረሰም። የጻፉት ሰዎች ግን አረንጓዴውን አይተው ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደዋል። ምን እንደጠፋ ማሽኑን ብጠይቀው አያውቅም፤ ተቀብሎ የማያውቀውን ከየት ያመጣዋል? ሊነግረን የሚችለው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ የጻፈው ሰው ደግሞ መጥፋቱን አያውቅም።

ለሆስፒታሎቹ ዛሬውኑ እናሳውቅ አልኩ። ዳይሬክተሩ «መጀመሪያ በጸጥታ እናጣራ፣ ሕዝብ አናስደንግጥ» አሉ። ስለዚህ ላንተ እጽፋለሁ። ትናንት መብራቱ ሊጠፋ ሲል እናንተ ጋ መድኃኒት የተቀየረለት ሰው አለ? አስተኝቶ ማከሚያውንም ሄደህ ጠይቅልኝ። ሲስተሯ ብትስቅም ጠይቃት።

እህትህ


ታኅሣሥ 5

እታለም፣

በስልክ ልነግርሽ ደወልኩ፣ ድምፅሽን ስሰማ ዘጋሁት። እኔ ነበርኩ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በሕይወት አሉ።

የጠየቅሽው ሰው አለ። አባባ ናቸው።

እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ነው የተኙት፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ። «ለእሷ እንዳትነግራት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ የስንት ሆስፒታል ሥራ» ብለው አስማሉኝ። ደም የሚያቀጥን መርፌ ታዘዘላቸውና እብጠቱ መጉደል ጀመረ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው የዶክተሩን ጋዋን ቁልፍ ሲተክሉ ላየ ሰው ሕመምተኛ አይመስሉም ነበር። በዚያ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ድዳቸው ሲደማ አየ። መርፌው ይቁም ብሎ ራሱ ስክሪኑ ላይ ጻፈ፣ አረንጓዴውን አየ፣ ለአባባም ነገራቸው። ከዚያ ለሌላ ግዳጅ ወደ ገጠር ወጣ።

ትእዛዙ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ መርፌው እንዳለ ነው። ማታ አንዴ ወጓቸው፤ እንቅልፍ ላይ ስለነበሩ አልተከራከሩም። ጠዋት ሌላ ነርስ መጣች። እሷው እያለቀሰች የነገረችኝን ልጻፍልሽ።

«ልጄ፣ ዶክተሩ ይቁም ብሏል» አሏት።

እሷም ስክሪኑን አዙራ አሳየቻቸው። «አባባ፣ ይኸው፣ አልቆመም እኮ። ልደውል ወይ?»

እሳቸው ግን «አትድከሚ» አሏት። «ያንን የምትጠብቀው ልጄ ናት። እሱ ካለ ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» እጅጌያቸውንም ራሳቸው ሰበሰቡ።

ከምሳ በኋላ ደም አስመለሳቸው። ሆዳቸው ውስጥ ደምቶ ነው። ደም ተሰጣቸው፣ ትናንት ቆመላቸው። ዛሬ ሾርባ ቀምሰዋል። ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ቆዳቸው ወረቀት መስሏል።

የሁለታችሁንም አደራ ይዤ መሀል ቆሜ ነበር። ካንቺ የእሳቸውን ሸሸግሁ፣ ከእሳቸው ያንቺን። አንዱን ብቻ ባወጣው ኖሮ መርፌው አይወጋም ነበር። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ማሙሽ


ታኅሣሥ 9

ለማሙሽ፣

በስልክ የተባባልነውን እንርሳው። ያልኩህ ሁሉ ላንተ የሚገባ አልነበረም፤ ግማሹ ለራሴ ነበር። ያስማሉህ እሳቸው ናቸው፣ ዝም በል ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ታድርግ? አሁን ግን ሁሉንም ለአባባ ንገራቸው፤ ከሥራው መነሣቴንም።

ለምን እስካሁን እንዳልመጣሁ አባባ ከጠየቁ ይህን ንገራቸው። ደብዳቤህን ይዤ ሻንጣዬን ዘጋሁ። መናኸሪያው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አባባ የተኙበት ሆስፒታል አንድ ነው፤ ከዚህ ሰርቨር ጋር የተያያዙት ግን ብዙ ናቸው። በየአንዱ አልጋ ላይ እጅጌውን የሚሰበስብ ሰው ሊኖር ይችላል። ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

ዳይሬክተሩ ጋ ገብቼ ደብዳቤህን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው «አባትሽ ናቸው?» አሉኝ። «ናቸው» ልል፣ አባባን የወከልኩ ይመስል «ነኝ» አልኩ፤ ምላሴ ተሳስቶ። ከዚያ ማስታወቂያውን እኔ ጻፍኩ፣ እሳቸው ፈረሙበት፤ «ተመዝግቧል ብለናችሁ ያልተመዘገበ ነገር አለ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ይለዝብ ያሉ ነበሩ፤ እሳቸው «እንዳለ ይሂድ» አሉ።

ፈጣኑ ሪፖርት ክፍል ድረስ መጥቶ «ካርዷን ያስገደድኳት እኔ ነኝ» አለኝ። ወንበር ሳብኩለት። ከዚያ ወዲህ አብረን እየደወልን ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ተረኛ፣ «ያን ዕለት ከሰዓት ምን ጻፋችሁ?» እያልን። አብዛኛው ቀላል ነገር ነው፤ የክብደት ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን። በአንዱ ሆስፒታል ግን ለአንዲት ወላድ አንድ መድኃኒት አይስማማትም ተብሎ ተጽፎላት ጠፍቶ ኖሯል። ማስታወቂያው የደረሳቸው ያንኑ መድኃኒት ለቀዶ ጥገና ሲያዘጋጁላት ነው። አዋላጇ ስልክ ላይ «ተውነው፣ ሌላ ሰጠናት» አለችኝ።

ካሹ ተዘግቷል። እንደገና ትዘገያላችሁ። ሰልፉ ከዛፉ ሥር ይደርሳል፤ ለዚያም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 18

ለእታለም፣

ዘግይተናል፣ ግን ማንም አላማረረም። ሲስተሯ ራሷ በየአልጋው እግር ሥር ወረቀት አንጠልጥላለች፤ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች፣ እኔም አላፋጥጣትም። ዶክተሩ ከገጠር ሲመለስ አባባ አልጋ አጠገብ ብዙ ተቀመጠ።

የጠየቅሽኝን አደረግሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሥራው መነሣትሽን፣ ለምን እንደተነሣሽ፣ ያ ስክሪን ያን ጠዋት በሌላ ሰው እጅ እንደነበር፣ አንቺ ወረቀት ላይ ጻፉ ብለሽ መለመንሽን። ሲሰሙ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር። ይኮራሉ ብዬ ነበር፤ «ልጄ እውነት ተናግራ ተቀጣች» ይላሉ ብዬ። አላሉም።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። «እኔ እኮ ዶክተሩ ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ አለመኖሯን ባውቅ መርፌውን እምቢ እል ነበር።»

ሳይቆጡ ነው ያሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። መልስ የምትሰጪያቸው አንቺ ነሽ።

ማሙሽ


ታኅሣሥ 25

ይድረስ ለአባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ነዎት? ማሙሽ ያንብብልዎት፤ መስመር እንዳይዘል ይቆጣጠሩት።

የጠየቁትን ሰምቻለሁ። ያልነገርኩዎት እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው። ያለ ባትሪ እንዲህ አይደረግም ብዬ በስብሰባ ፊት ቆሜ ተከራከርኩ፤ ለእርስዎ ግን «ሁሉ ደህና ነው» ብዬ ዝም አልኩ። እርስዎም እግርዎን ደበቁኝ። ተዋድደን ነው እንዲህ የሆንነው፤ መዋደዱ ግን ደሙን አላቆመውም።

ባትሪው ባለፈው ሳምንት መጣ። ሰርቨሩንም መለሱልኝ። ባትሪው ገብቶ ቶሎ ሥራ እንጀምር ሲባል ቆይ አልኩ። ለሙከራ ብቻ የሆኑ ስሞችን መጻፍ ጀመርን፤ አረንጓዴው እየተከታተለ ሲወጣ ዳይሬክተሩን «አሁን መብራቱን ያጥፉልኝ» አልኳቸው። አጠፉት። ክፍሉ ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ሲያቆም ጆሮ ይጨንቃል። ሻይ ጠጥተን ተመለስን፣ አበራነው፣ ፈጣኑ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ። አንድም አልጎደለም። ይህንን ደጋግመን ካደረግን በኋላ ነው ካሹን የከፈትነው። አሁን ፈጥኗል፤ ባትሪው ቢደክም ደግሞ ሁሉም ሆስፒታል በዚያው ቀን እንዲሰማ ዳይሬክተሩ በጽሑፍ አዘዋል።

እርስዎ ጨርቁ ሳይሰፋ «አልቋል» ብለው ደንበኛ ሸኝተው አያውቁም። እኔ የእርስዎ ልጅ ስለሆንኩ ማሽኑም እንደዚያ መስሎዎት ነው። አይደለም፣ አባባ። ማሽኑ እኔ አይደለሁም። እኔ ባለሁበትም ቀን ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም እንደዚሁ።

ዕረፍት ተሰጥቶኛል፣ ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ። ስደርስ «ደህና ነኝ» አይበሉኝ። የት እንደሚያምዎት ይንገሩኝ፤ እኔም የሆነውን ሁሉ እነግርዎታለሁ። እስከዚያው ነርሷ ስትመጣ ዶክተሩ ያለውን ይንገሯት፣ ስክሪኑ ሌላ ቢል ትደውል። ቢዘገይ ይዘግይ። እጅጌዎን ከመሰብሰብዎ በፊት ይጠይቁ። መርፌውን ያዘዝኩት እኔ ብሆን እንኳ።

ልጅዎ